ያረጀ መመሪያና የማረም ግዴታ፦ ስለ ኔትወርክ ካርድ ድራይቨር ሰነዶች

ከመቱ ተነሥቶ የሶርን ፏፏቴ ለማየት ለሚሄድ እንግዳ መንገድ የሚጠቁም ሰው ብዙውን ጊዜ ምልክት የሚያደርገው አንድ ትልቅ ዛፍን ነው። ዛፉ ወድቆ እንደሆነ ግን ጥቆማው እንግዳውን በማድረስ ፈንታ ደን ለደን ያንከራትተዋል። የሚያሳዝነው፣ እንግዳው አስቀድሞ የሚጠራጠረው ጠቋሚውን ሳይሆን ራሱን መሆኑ ነው፤ «ሳላየው አልፌው ይሆናል» ይላል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከዚሁ ጋር የሚመሳሰል ችግር ነው፤ ይኸውም የሥርዓተ ክወና ፕሮግራም ጸሐፊዎች የሚመሩባቸው ሰነዶች ሲያረጁ የሚያስከትሉትን ጉዳትና የሚታረሙበትን መንገድ ነው።

ለዚህ ያነሣሣን የራሳችን ስህተት ነው። አንድ ተማሪያችን ባዘጋጀንለት የማስተማሪያ ጽሑፍ እየተመራ ለሊኑክስ አነስተኛ የኔትወርክ ድራይቨር ሲጽፍ፣ ፕሮግራሙ አልተርጎም ብሎ ሁለት ቀን አስቸገረው። ልጁ ጥፋቱ የራሱ መስሎት ኮዱን ከላይ እስከ ታች ደጋግሞ አነበበ። ጥፋቱ ግን የእኛ ነበር። በውጭ አገር የሦስተኛ ዲግሪ ትምህርታችንን በምንከታተልበት ዘመን ከከርነሉ ሰነድ የገለበጥነውን አንድ ዐረፍተ ነገር ሳንመረምር ለእርሱ አስተላልፈን ነበር።

ድራይቨር ምን ይሠራል?

ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ1991 በሊነስ ቶርቫልድስ የተጀመረ፣ ምንጭ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ሥርዓተ ክወና ነው። እምብርቱ ከርነል ይባላል። ድራይቨር ማለት ደግሞ ከርነሉን ከአንድ የተወሰነ መሣሪያ፣ ለምሳሌ ከኔትወርክ ካርድ፣ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም ነው። ከርነሉ «ይህን ፓኬት ላክ» ሲል ድራይቨሩ ትእዛዙን ካርዱ በሚገባው አኳኋን ያቀርባል።

ሥራው ፈጣን ነው። በሴኮንድ 1 ጊጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር ላይ አንድ ሙሉ የኤተርኔት ፓኬት ለመውጣት የሚፈጅበት 12 ማይክሮ ሴኮንድ ያህል ብቻ ነው። ይህም በሴኮንድ ወደ 81,000 ፓኬት ማለት ነው። እንግዲህ በአንድ ፓኬት ላይ የሚፈጸም ጥቂት ብክነት በሴኮንድ ይህን ያህል ጊዜ ይደጋገማል። ሰነዱ አንድ ቃል ሲሳሳት ድራይቨሩም በዚያው መጠን ይሳሳታል።

መጋዘኑና ወረፋው

በድራይቨሩና በካርዱ መካከል ፓኬቶች ተራ የሚጠብቁበት ውስን ቦታ አለ። ይህን በኢሉባቦር የቡና መጋዘን ልንመስለው እንችላለን። መጋዘኑ ሲሞላ ሁለት አማራጭ አለ። አንደኛው፣ ጆንያ ተሸክሞ የመጣውን ሰው ከደጅ መመለስ ነው፤ ሰውየው ሸክሙን ይዞ ይመለሳል፣ ወዲያው ደግሞ ይመጣል፣ እንደገናም ይመለሳል። ሁለተኛው፣ የመጨረሻው ጆንያ እንደ ገባ «ቦታ እስኪገኝ አትላኩ» ብሎ አስቀድሞ ማስታወቅ፣ ቦታ ሲለቀቅም «አሁን ላኩ» ማለት ነው።

የከርነሉ ሰነድ የሚያዝዘው ሁለተኛውን ነው። የመላኪያው ተግባር በተለመደ ሁኔታ «ሥራ በዝቶብኛል» የሚል መልስ መመለስ የለበትም፤ በዚያ ፈንታ ወረፋውን በጊዜው መዝጋትና መክፈት አለበት። ወረፋውን ሳይዘጋ «ሥራ በዝቶብኛል» ቢል ከርነሉ ያንኑ ፓኬት ደጋግሞ ይሞክራል፤ ፕሮሰሰሩም ፍሬ በሌለው ሥራ ይጠመዳል። ይህ የሰነዱ ክፍል ትክክለኛና ጠቃሚ ነው።

ሦስት ዓመት የዘገየ እርማት

ያረጀው ሌላው ክፍል ነበር። ከርነሉ ካርዱ ደርቆ እንደሆነ የሚከታተል ዘበኛ አለው። ወረፋው ተዘግቶ ሳለ ለተወሰነ ጊዜ፣ ድራይቨሩ ሌላ ካላለ ለ5 ሴኮንድ፣ አንድም ፓኬት ካልተላከ ዘበኛው ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፤ ድራይቨሩም ካርዱን እንደገና እንዲያስነሣው ይጠራዋል። ለዚህ መጨረሻው ፓኬት የተላከበት ሰዓት መመዝገብ አለበት። መዝገቡ «ትራንስ ስታርት» ይባላል። ቀድሞ ይህን የሚሞላው ድራይቨሩ ስለ ነበር ሰነዱ «መሙላቱን አትርሱ» ይል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2009 ግን ይህ ኃላፊነት ከድራይቨሮች ወደ ከርነሉ የጋራ ክፍል ተዛወረ፤ ሰዓቱም ለእያንዳንዱ ወረፋ ለብቻው መመዝገብ ጀመረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዘመናዊ ካርዶች ብዙ ወረፋ አላቸው፤ በየወረፋው ላይም የተለያዩ የፕሮሰሰር እምብርቶች ይሠራሉ። ሁሉም በአንድ የጋራ ቦታ ላይ ሰዓት ቢጽፉ፣ ያንን ቦታ የያዘው ብዙውን ጊዜ 64 ባይት የሆነ የማኅደር ክፍል በየጊዜው ከእምብርት ወደ እምብርት ይመላለሳል። በአንድ ናኖ ሴኮንድ ብርሃን እንኳ ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ እንደማይጓዝ ላስታወሰ ሰው የዚህ ምልልስ ዋጋ አይሰወረውም።

ኮዱ ተለወጠ፤ ሰነዱ ግን ባለበት ቀረ። የመላኪያው ተግባር ስም ከ«ሃርድ ስታርት ኤክስሚት» ወደ «ኤንዲኦ ስታርት ኤክስሚት» ሲዛወር ሰነዱ አሮጌውን ስም ይዞ ቀጠለ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2012 ቤን ሀቺንግስ የተባለ የከርነል ፕሮግራም ጸሐፊ ተከታታይ እርማቶችን አቀረበ። ስሞቹ ታደሱ፤ ቁልፉ ለካርዱ በጠቅላላው ሳይሆን ለየወረፋው መሆኑ ተገለጸ፤ «ትራንስ ስታርትን መሙላት አትርሱ» የሚለው መመሪያም ተሰረዘ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የጋራው መዝገብ ራሱ ከኮዱ ወጣ። የተማሪያችን ፕሮግራም አልተርጎም ያለው በዚህ ምክንያት ነበር፤ የሌለ ዛፍ እንዲፈልግ ልከነው ነበርና። እኛ መመሪያውን በገለበጥንበት ወቅት እንኳ ዛፉ ለመውደቅ ዘምሞ ነበር፤ ኮዱን ብንመለከት ኖሮ ባወቅነው።

እርማት እንዴት ይደረጋል?

ሰነድን ማረም ሳይንሳዊ ሥራ ነው። በመጀመሪያ ሰነዱ የሚለውን ከኮዱ ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። ሁለቱ ከተለያዩ፣ የለውጡን ታሪክ መርምሮ መቼና ለምን እንደ ተለያዩ ማረጋገጥ ይገባል፤ አንዳንድ ጊዜ ትክክሉ ሰነዱ ሆኖ ስህተቱ ኮዱ ውስጥ ይገኛልና። ቀጥሎ በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ምናባዊ ኮምፒውተር አስነሥቶ መፈተን ይቻላል፤ ከርነሉ ቢወድቅ የሚወድቀው ምናባዊው ብቻ ነው። በመጨረሻም የተለወጡትን መስመሮችና ምክንያታቸውን በአጭሩ ጽፎ፣ በሚታወቅ ማንነት ፈርሞ፣ ለክፍሉ ኃላፊዎች በኢሜይል መላክ ነው።

ለዚህ ሥራ ውድ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። እርማቱ የጥቂት ኪሎባይት ጽሑፍ በመሆኑ ደካማ መስመርም ይበቃዋል። በመቱ፣ በጎሬ ወይም በቤዴሌ የተቀመጠ ተማሪ አንድ የተሳሳተ ዐረፍተ ነገር ቢያቀና፣ በሌላው ዓለም ጫፍ ያለ ጀማሪ ሁለት ቀን ከመንከራተት ይድናል።

በፊዚክስ አሐዱ ያልተጻፈለት ቁጥር ትርጉም የለውም። እንደዚሁም የከርነሉ እትም ቁጥርና የተመረመረበት ቀን ያልተጻፈበት መመሪያ ሙሉ መመሪያ አይደለም። እኛም የማስተማሪያ ጽሑፋችንን አርመን በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሁለቱንም ጽፈናል። ተማሪያችንንም ይቅርታ ጠይቀናል። ስህተቱን በራሱ ላይ ብቻ ከመፈለግ ይልቅ መመሪያውንም ቢጠረጥር ኖሮ፣ በሁለት ቀን ያገኘውን በአንድ ሰዓት ባገኘው ነበር። አንባብያንም በጽሑፎቻችን ውስጥ የወደቀ ዛፍ ያገኙ እንደሆነ ሳያመነቱ እንዲነግሩን እንጠይቃለን።