መስታወት የማያሳየው ጤና

በለንደን ባለሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ሾፌሩ ቀኑን ተቀምጦ ሲያሳልፍ፣ ትኬት ቆራጩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ደረጃዎችን ይወጣና ይወርድ ነበር። ዶክተር ጄሪ ሞሪስና ባልደረቦቹ በ1953 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የልብ ሕመም በትኬት ቆራጮቹ ላይ አንሶ መገኘቱን ገለጹ።

ምናልባት ቀጫጮች ስለሆኑ ይሆን? ተመራማሪዎቹ የደንብ ልብሳቸውን የወገብ ልክ ሳይቀር መረመሩ። በእርግጥም የሾፌሮቹ ሱሪ ሰፋ ያለ ነበር፤ ሆኖም ቀጭኑ ከቀጭን፣ ወፍራሙ ከወፍራም ጋር ሲነጻጸርም ብልጫው የትኬት ቆራጩ ሆነ።

60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 3 ሜትር ደረጃ ሲወጣ፣ የመሬትን ስበት ተቋቁሞ የሚሠራው ሥራ 1,800 ጁል ያህል ብቻ ነው። በዚህ መጠን ክብደት በቶሎ አይቀንስም፤ በየዕለቱ ሲደጋገም ግን ልብ ይበረታል።

ውድ ተማሪዎች፣ መስታወቱ ለውጥ አላሳየንም ብላችሁ እንቅስቃሴ አታቋርጡ፤ ልብ በመስታወት አይታይምና።