የሚጮኸው ቫልቭና ዝም ያለው ቫልቭ

በደብረ ማርቆስና በፍኖተ ሰላም መካከል በዋናው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ደምበጫ፣ እንደ ሌሎቹ የጎጃም ከተሞች ሁሉ፣ የዕለት ኑሮዋ ከሞተር ብስክሌትና ከባጃጅ ጋር የተሳሰረ ነው። የጤና ባለሙያውም ሆነ የግብርና ባለሙያው ወደ ገጠር ቀበሌ የሚዘልቀው በሞተር ብስክሌት ነው። ሞተሩ እያረጀ ሲሄድ ታዲያ ከላይኛው ክፍሉ፣ በጋራዥ ቋንቋ ቴስታታ ከሚባለው፣ «ቲክ ቲክ» የሚል ድምፅ መሰማት ይጀምራል። ባለቤቱ ይሠጋል፤ ጠጋኙ የቫልቩን ብሎን ጠበቅ ያደርገዋል፤ ድምፁም ይጠፋል። ከጊዜ በኋላ ግን ሞተሩ ጠዋት አልነሣ ይላል፤ አቀበት ላይ ይደክማል፤ በመጨረሻም ተፈትቶ ሲታይ ቫልቩ ተቃጥሎ ይገኛል።

ድምፁን ማጥፋት ሞተሩን ሊገድለው የሚችለው ለምንድን ነው? መልሱ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከምንማረው የሙቀት መለጠጥ ሕግ ውስጥ ይገኛል።

ክፍተቱ ለምን አስፈለገ?

ባለ አራት ስትሮክ ሞተር ቢያንስ ሁለት ቫልቮች አሉት። አንዱ የአየርና የቤንዚን ድብልቅ ያስገባል፤ ሌላው የተቃጠለውን ጋዝ ያስወጣል። ቫልቮቹን የሚከፍታቸው ከካምሻፍቱ እንቅስቃሴ የሚቀበል የሮከር ክንድ ሲሆን፣ የሚዘጋቸው ደግሞ ሞላ ነው። ቫልቩ በተዘጋ ጊዜ በክንዱ ጫፍና በቫልቩ ዘንግ መካከል ጥቂት ክፍተት ሊኖር ይገባል። ይህ ክፍተት የአሠራር ጉድለት ሳይሆን ሆን ተብሎ የተተወ ነው።

ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ በሰከንድ 50 ጊዜ ይከፈታል፤ ይዘጋልም። የአስወጪው ቫልቭ ራስ ሙቀት ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል። ቫልቩ ከዚህ ሙቀት አብዛኛውን የሚያራግፈው ተዘግቶ ከመቀመጫው ጋር በሚነካካባት አጭር ቅጽበት ነው። ክፍተቱ ከጠፋ ግን ቫልቩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። የሚነደው ጋዝ በቀረችው ቀጭን ቀዳዳ እንደ ብየዳ ነበልባል እየሾለከ የቫልቩን ጠርዝ ይበላዋል።

ስሌቱ ምን ይላል?

በ1976 እ.ኤ.አ. ሆንዳ ኩባንያ «ሲጂ 125» የተባለውን ሞተር ብስክሌት ለታዳጊ አገሮች ገበያ አቀረበ። በእነዚህ አገሮች ሞተር ብስክሌት ከባድ ጭነት እንደሚሸከምና ጥገናውም ቸል እንደሚባል መሐንዲሶቹ ስለተገነዘቡ፣ ቫልቮቹ በገፊ ዘንግ የሚንቀሳቀሱበትን ቀላልና ጠንካራ አሠራር መረጡ። የቻይና ፋብሪካዎችም ይህንኑ ንድፍ በብዛት ቀድተውታል። በዚህ ሞተር ለሁለቱም ቫልቮች የተወሰነው ክፍተት 0.08 ሚሊሜትር ነው። አምስት መቶ ወረቀት የያዘ አንድ ደስታ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት እንዳለው ብንለካ፣ አንዱ ወረቀት 0.1 ሚሊሜትር ይሆናል። ስለዚህ ክፍተቱ ከአንድ የጽሕፈት ወረቀት ውፍረት እንኳ ያነሰ ነው።

እስቲ በቀላል ሞዴል እናስላው። የቫልቩን ርዝመት 85 ሚሊሜትር፣ በሥራ ላይ አማካይ የሙቀቱን ጭማሪ 300 ዲግሪ እንበል። ብረት ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከርዝመቱ 12 ሚሊዮንኛ ያህል ስለሚለጠጥ ቫልቩ 0.31 ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል። ቫልቩን የያዘው የአሉሚኒየም ቴስታታ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 23 ሚሊዮንኛ ይለጠጣል፤ ሙቀቱ ግን በ130 ዲግሪ ብቻ ይጨምራል ብንል፣ በዚያው ርዝመት 0.25 ሚሊሜትር ያድጋል። የሌሎቹን ክፍሎች መለጠጥ ለጊዜው ብንተወው፣ ቫልቩ ቴስታታውን በ0.05 ሚሊሜትር ያህል ይበልጠዋል። ከ0.08 ይህ ሲቀነስ የሚተርፈው 0.03 ብቻ ነው። የሞተሩ ደኅንነት ያለው በዚህች ትርፍ ውስጥ ነው።

ትኩስ ሞተር እንዴት ያታልላል?

ብዙ ጊዜ ስሕተት የሚሠራው ሞተሩ ከጉዞ እንደተመለሰ በሚደረግ ማስተካከል ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ቫልቩ ፈጥኖ ይበርድና ከቴስታታው ጋር ተመሳሳይ ሙቀት ይይዛል። ሁለቱም ከቀዝቃዛው ሁኔታ በ80 ዲግሪ ከፍ ብለው ቢገኙ፣ አሉሚኒየሙ ከብረቱ ይልቅ በ0.07 ሚሊሜትር ገደማ ስለሚለጠጥ ክፍተቱ ሰፍቶ ይታያል። ጠጋኙ ይህንን አይቶ ወደ 0.08 ቢያጠበው፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የሚቀረው ክፍተት 0.01 ያህል ብቻ ይሆናል። በማግሥቱ ሞተሩ በሥራ ላይ ሆኖ 0.05 ሲፈልግ አያገኝም፤ ቫልቩም ሳይዘጋ ይቀራል። ስለዚህ ሥራው የሚሠራው ሞተሩ ሌሊቱን ካደረ በኋላ፣ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳያገኘው ነው።

በቤት ውስጥ አሠራሩ

በቅድሚያ የሞተሩ ዓይነት ይለይ። እንደ ቀድሞዎቹ ያማሃ ዲቲ 125 ያሉ ባለ ሁለት ስትሮክ ሞተሮች እንዲህ ያለ ቫልቭ የላቸውም። ባለ አራት ስትሮክ ሞተርም ሁሉ የየራሱ ቁጥር ስላለው መጽሐፉን መመልከት ግድ ነው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ለሲጂ 125 ዓይነት ሞተር ነው።

አንደኛ፣ ካንዴላው ይፈታ፤ የቴስታታው ክዳንና በግራ በኩል ያለው የቮላኖ ሽፋን ይነሣ።

ሁለተኛ፣ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ቮላኖው በቁልፍ በዝግታ ይዙር፤ «ቲ» የሚለው ምልክት ከቋሚው ምልክት ጋር ሲገጥም ይቁም። «ኤፍ» የሚለው ለካንዴላው ብልጭታ እንጂ ለዚህ ሥራ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ሁለቱም ክንዶች በጣት ሲነኩ በጥቂቱ መወዛወዝ አለባቸው። አንዱ ከጠበቀ ፒስተኑ በሌላኛው ዙር ላይ ነው ማለት ነው። ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ስለሚዞር፣ አንድ ሙሉ ዙር ይጨመርና እንደገና ይታይ።

አራተኛ፣ ፊለር ጌጅ የሚባለው መለኪያ የ0.08 ቅጠሉ በክንዱና በዘንጉ መካከል ይግባ። ያዝ እያደረገ ካለፈ ልኩ ነው። ካልሆነ ማጥበቂያው ዳዶ ይላላና ብሎኑ ይስተካከል። ብሎኑ በአንድ ዙር 0.5 ሚሊሜትር የሚገባ ከሆነ፣ 0.08 ማለት የዙሩ አንድ ስድስተኛ ብቻ ስለሆነ እጅ መቸኮል የለበትም።

አምስተኛ፣ ብሎኑ እንዳይዞር ተይዞ ዳዶው ይጥበቅ። ሲጠብቅ ብሎኑን በጥቂቱ ስለሚስበው ልኩ እንደገና ይፈተሽ።

አንዳንዶች በመለኪያው ፈንታ ወረቀት ይጠቀማሉ። ወረቀት ግን ሲጫኑት ይጨፈለቃል፤ ዘይትም ሲነካው ይለወጣል፤ ስለዚህ መለኪያ ሊሆን አይችልም።

የዝምታው አደጋ

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይላል የአገራችን ተረት፤ ለቫልቭ ግን ይህ አይሠራም። የክንዱ ጫፍ ወይም ካምሻፍቱ ሲያልቅ ክፍተቱ ይሰፋል፤ ሞተሩም ይጮኻል። ቫልቩ መቀመጫውን እየቀጠቀጠ ወደ ውስጥ ሲሰምጥ ደግሞ ዘንጉ ወደ ክንዱ ስለሚጠጋ ክፍተቱ ይጠባል፤ ሞተሩም ዝም ይላል። የመጀመሪያው ጆሮን ያስቸግራል፤ እያደርም ክፍሎቹን ይጎዳል፤ ነገር ግን አስቀድሞ ይናገራል። ሁለተኛው ሳይናገር ያቃጥላል።

ለደጋው አሽከርካሪ ነገሩ ይብሳል። በ2,000 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው አራት አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። ሞተሩ በእያንዳንዱ ምት ከሚገባው አየር አንድ አምስተኛውን አስቀድሞ አጥቷል። በዚህ ላይ የማይዘጋ ቫልቭ ሲታከልበት፣ ከአባይ በረሃ ወደ ደጀን የሚወጣውን ረጅም አቀበት ሊገፋው አይችልም። በሽተኛ ጭኖ ከሩቅ ቀበሌ ለሚመለስ ሰው ይህ የፊዚክስ ጥያቄ ብቻ አይደለም።

እንግዲህ በቤታችሁ ወይም በሠፈራችሁ ያረጀ ሞተር ብስክሌት ያላችሁ ተማሪዎች፣ ቲክ ቲክ ሲል ብሎኑን ለማጥበቅ አትቸኩሉ። እስኪነጋ ጠብቃችሁ፣ በቀዝቃዛው ለኩት። ድምፁ ጠፍቶ ከቆየም ተመስገን ብላችሁ አትለፉት፤ ያን ጊዜም ለኩት።