የደከመ ባሌስትራና ኋላው የወረደ ኦቶሞቢል

ኦቶሞቢል ሲያረጅ አስቀድሞ ከሚደክሙት ክፍሎች አንዱ ኋላው ነው። የተሳፋሪውና የዕቃው ክብደት ለብዙ ዓመት ሲያርፍበት ከኖረ በኋላ አፍንጫው ወደ ላይ ቀና፣ ጅራቱ ወደ መሬት ዝቅ ይላል። ከባለኦቶሞቢሎች ብዙዎቹ ይህን የመልክ ጉድለት ብቻ አድርገው ስለሚቈጥሩት እንዲሁ ይነዱታል፤ ሌሎቹ ደግሞ ምክንያቱ ሳይመረመር በማናቸውም ዘዴ ከፍ እንዲልላቸው ብቻ ያዝዛሉ። ሁለቱም መንገድ ጉዳት አለበት። ስለዚህ የተከበራችሁ አንባብያን፣ ኋላው የወረደ ኦቶሞቢል ከመነሣቱ አስቀድሞ መለካትና መመርመር የሚገባው ስለ ምን እንደ ሆነ በዛሬው ጽሑፋችን እንገልጻለን።

ለምሳሌ እንዲሆነን ፊያት 1100ን እንውሰድ። የቶሪኖው ፋብሪካ 1100/103 የተባለውን ሞዴል ለሕዝብ ያሳየው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1953 ዓ.ም. ሲሆን፣ ልዩ ልዩ መሻሻል እያደረገለት እስከ 1969 ዓ.ም. ድረስ ሠርቶታል። እንግዲህ ከነዚህ ኦቶሞቢሎች የመጨረሻው እንኳ ዛሬ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። የጣሊያን ኦቶሞቢል ከአገራችን ጋር ያለው ትውውቅ ምን ያህል የቈየ እንደ ሆነ የጋራዦቻችን ቋንቋ ይመሰክራል፤ ባሌስትራ፣ ሞላ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው። የፊያት 1100ን ኋላ የሚሸከሙት በግራና በቀኝ የተዘረጉ ሁለት ባሌስትራዎች ናቸው። ከዚህ በታች የምንሰጠው ምክር ኋላው በባሌስትራ ለሚሸከም ለማንኛውም አሮጌ ኦቶሞቢል ያገለግላል።

ባሌስትራ ማለት ርዝመታቸው ደረጃ በደረጃ የሚያጥር፣ ተደራርበው በመካከል በአንድ ቡሎን የታሰሩ ዝርግ የብረት ቅጠሎች ማለት ነው። እንግሊዛዊው ሊቅ ሮበርት ሁክ በ1678 ዓ.ም. እንደ ገለጸው፣ እንዲህ ያለው ብረት የሚተጣጠፈው በተጫነበት ክብደት ልክ ነው፤ ክብደቱ እጥፍ ሲሆን ዝቅ ማለቱም እጥፍ ይሆናል፤ ክብደቱ ሲነሣለት ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለሳል። ይህ ሕግ የሚጸናው ግን ብረቱ ከዐቅሙ ወሰን እስካላለፈ ድረስ ነው። ከመጠን በላይ ሲጫንና በጐድጓዳ መንገድ ሲመታ የኖረ ባሌስትራ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ፈጽሞ መመለስ ያቅተዋል፤ ደከመ የሚባለውም ያን ጊዜ ነው።

ነገር ግን ባሌስትራ ክብደት በመሸከም ብቻ አይወሰንም። ረጅሙና የመጀመሪያው ቅጠል በሁለት ጫፉ ተጠቅልሎ ከኦቶሞቢሉ አካል ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ፣ የኋላውን አክስል በስፍራው አጽንቶ የሚይዘው እርሱ ነው። ይህ ዋና ቅጠል በጉዞ ላይ ቢሰበር አክስሉ ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን ሊንሸራተት፣ ኦቶሞቢሉም መሪው ሳይዞር መንገዱን ሊስት ይችላል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደውን ቁልቁለት ቤተ ሰቡን አሳፍሮና ዕቃ ጭኖ የሚወርድ ሰው ይህ ቢደርስበት ምን ሊሆን እንደሚችል አንባቢ ራሱ ይገምተው። ከዚህም ሌላ ኋላው ሲወርድ የፊት መብራቶቹ ወደ ላይ ስለሚያበሩ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዐይን ያጭበረብራሉ፤ አክስሉም በትንሹ ጐድጓድ ሁሉ ከአካሉ ጋር ይጋጫል።

አሁን ወደ ምርመራው እንለፍ። ኦቶሞቢሉን በደልዳላ መሬት ላይ ያቁሙ፤ የዕቃ ማስቀመጫውን ባዶ ያድርጉ፤ ጎማዎቹን በታዘዘላቸው መጠን ይንፉ። ኋላውን በእጅ ጫን ለቀቅ እያደረጉ ጥቂት ጊዜ ካወዛወዙት በኋላ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ጥቂት ገፍተው ያሳርፉት። ከዚያም ከእያንዳንዱ ጎማ መካከል ተነሥተው በቀጥታ ወደ ላይ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ርቀት በሜትር ለክተው አራቱንም ቍጥሮች ይጻፉ። ከመሬት ተነሥቶ መለካት ግን ያሳስታል፤ የጎማው መበላትና የንፋሱ ማነስ በልኩ ውስጥ ይገባልና።

ኦቶሞቢሉ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ፣ በደሉ ሁልጊዜ ባዘነበለበት ማእዘን ነው ብለው አይፍረዱ። ከፊት በአንድ ወገን የደከመ ሞላ ቢኖር ኋላውንም አብሮ ያጣምመዋል። ይህን ለመለየት ፊቱን ልክ ከመካከሉ በአንድ ክሪክ ጥቂት ያንሡት፤ በዚህ ጊዜ ኋላው ከተስተካከለ ጥፋቱ የፊት ሞላ ነው፤ ካልተስተካከለ ግን የኋላው ባሌስትራ ይመርመር። ደግሞም ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ፤ ይኸውም ኋላው ሲወርድ ሾክ አብዞርበር መለወጥ ነው። በነዚህ አሮጌ ኦቶሞቢሎች የሚገኘው ባለዘይት ሾክ አብዞርበር የመወዛወዝን ኃይል ያበርዳል እንጂ ክብደት አይሸከምም፤ አዲስ ቢገባም የኦቶሞቢሉ ቁመት ከነበረበት አይጨምርም።

ባሌስትራው የሚወርድበት ሥራ ጥንቃቄን ይጠይቃል። በክሪክ ብቻ በተነሣ ኦቶሞቢል ሥር ማንም ሰው አይግባ፤ አካሉ በጠንካራ ማቆሚያ ላይ ይረፍ፤ አክስሉ ለብቻው ይደገፍ፤ በፍሬኑ ቱቦ ላይም ከቶ አይንጠልጠል። ባሌስትራዎቹ ሲወርዱ ግራውና ቀኙ፣ ፊቱና ኋላው እንዳይለዋወጥ ምልክት ይደረግባቸው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ ተወጥሮ፣ ከሲባጎው እስከ ዋናው ቅጠል መካከል ያለው ጥልቀት ይለካ። የሁለቱ ልክ እርስ በርሱና በፋብሪካው መጽሐፍ ከተጻፈው ጋር ሲተያይ የድካሙ መጠን ይታወቃል።

ቅጠሎቹን ለመለያየት መካከለኛው ቡሎን ከመፈታቱ በፊት በትልቅ ሞርሳ አጥብቆ መያዝ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ቅጠሎቹ በኃይል ተፈናጥረው ሰው ይጎዳሉ። ዝገቱ ከተጠረገ በኋላ እያንዳንዱ ቅጠል ላምባ ይቀባ፤ ላምባው በጨርቅ ተጠርጎ ሲደርቅ ጠመኔ ይለቅለቅበት። ስንጥቅ ካለ በውስጡ የቀረው ላምባ ወደ ጠመኔው ወጥቶ እንደ ጥቍር መሥመር ይታያል። በተለይ የመካከለኛው ቡሎን ቀዳዳ ዙሪያ በጥንቃቄ ይታይ። የተሰነጠቀ ቅጠል ይጣላል እንጂ አይበየድም፤ የብየዳው እሳት ብረቱን ተሰባሪ ያደርገዋልና።

ስንጥቅ የሌለበት ነገር ግን የደከመ ባሌስትራ ሊታደስ ይችላል። ዐዋቂ ሠራተኛ ብረቱን ሳያሞቅ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ በቀስ እየጫነ ወይም እየቀጠቀጠ ቅስቱን ይመልስለታል። በእሳት አግሎ ማጉበጥ ሥራውን ያቀላል፤ ነገር ግን ብረቱ በፋብሪካ በዘይት ተነክሮና እንደ ገና በመጠኑ ተሞቆ ያገኘውን ጥንካሬ ያሳጣዋል። እንዲህ የተሠራ ባሌስትራ ለጥቂት ቀን ቀጥ ብሎ ይቆምና ተመልሶ ይተኛል። ሳይሞቅ የታደሰውም ቢሆን የአዲስ ያህል አይቈይም፤ ስለዚህ አዲስ የሚገኝ ከሆነ አዲሱ ይመረጣል።

ተጨማሪ ቅጠል ማስገባትም የተለመደ ነው፤ ይሁን እንጂ ቁመቱን ሲጨምር ድንዳኔውንም ይጨምራል። የቅጠል ድንዳኔ የሚያድገው በውፍረቱ ልክ ሳይሆን ውፍረቱ ሦስት ጊዜ በራሱ በሚበዛው ልክ ነው። ስለዚህ ስፋቱና ርዝመቱ እኩል ሆኖ 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቅጠል 7 ሚሊሜትር ባለው ቢተካ፣ የዚያ ቅጠል ድንዳኔ በ59 ከመቶ ያህል ይጨምራል። ባለኦቶሞቢሉ ከፍታን ሲሻ የሚንገጫገጭ፣ በኰረኰንች መንገድ ላይ ጎማው መሬት የማይጨብጥ ኦቶሞቢል ያገኛል። የባሌስትራውን ማያያዣ ማስረዘምም እንደዚሁ ነው፤ አካሉን ያነሣል እንጂ የደከመውን ብረት አያበረታም፤ ኦቶሞቢሉም በየመታጠፊያው ወደ ጎን ይወላገዳል።

የተመረጠው መድኃኒት ማንኛውም ቢሆን፣ ለግራና ለቀኝ በአንድነት ይደረግ። ከዚህ በኋላ ብዙ ሠራተኞች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ። በባሌስትራው ጫፎች ውስጥ ያሉት የጎማ ጎሚኒዎች የሚታሰሩባቸው ቡሎኖች በመጨረሻ የሚጠብቁት ኦቶሞቢሉ ከማቆሚያው ወርዶ በገዛ ጎማው ላይ ካረፈ በኋላ ነው። አክስሉ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቁ፣ ክብደቱ ሲያርፍ ጎሚኒዎቹ ይጠመዘዛሉ፤ ቁመቱንም ሐሰተኛ ያደርጉታል፤ ብዙ ሳይቈዩም ይቀደዳሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደ ተባለው፣ በዚህች የአንድ ሰዓት ችኰላ የብዙ ቀን ድካም ይበላሻል።

ሥራው ሲፈጸም አራቱን ልኮች እንደ ገና ወስደው ከመጀመሪያዎቹ ጎን ይጻፏቸው። ጥቂት መቶ ኪሎሜትር ከተነዳ በኋላ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር አቅፈው የሚይዙት ቡሎኖች ዳዷቸው እንደ ገና ይጥበቅ፤ ቁመቱም ይለካ፤ የፊት መብራቶቹም አዲሱን ቁመት ተከትለው ይስተካከሉ። ያችን ልክ የተጻፈባትን ወረቀት ከኦቶሞቢሉ መጽሐፍ ጋር ቢያስቀምጧት፣ በሚመጣው ዓመት ባሌስትራው አንድ ጣት ያህል እንኳ ቢወርድ ዐይን ሳያየው ሜትሩ ይነግርዎታል።