ተጨማሪ መረጃ፦ ኢጎር ሲኮርስኪ

ኢጎር ሲኮርስኪ በ1889 እ.ኤ.አ. በኪየቭ ተወለደ። በ20 ዓመቱ የሠራው ሄሊኮፕተር ከመሬት አልነሳ ሲለው ለጊዜው ትቶት ወደ አውሮፕላን ዞረ። አንድ ቀን እየበረረ ሳለ ሞተሩ ድንገት ቀጥ አለ። በሕይወት ተርፎ ሲመረምረው፣ የነዳጁን መተላለፊያ የዘጋችው አንዲት ትንኝ ሆና ተገኘች! አንዱ ሞተር ቢጠፋ ሌላው እንዲያደርስ ብሎ በ1913 ባለአራት ሞተር አውሮፕላን ሠርቶ አበረረ።

ከሩሲያ አብዮት በኋላ ተሰዶ በ1919 ኒውዮርክ ገባ። ሥራ ሲያጣ ለስደተኞች ሒሳብ አስተማረ፤ በ1923 ደግሞ የአገሩ ልጆች አዋጥተውለት ኩባንያ አቋቋመ። ከደጋፊዎቹ አንዱ ታዋቂው የሙዚቃ ሰው ራክማኒኖፍ ነበር። በውኃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖቹ ስሙን ቢያስጠሩትም፣ የሄሊኮፕተሩ ነገር ከልቡ አልወጣም።

አስቸጋሪው ነገር ይህ ነበር፦ አናት ላይ ያለው ትልቅ ተሽከርካሪ ክንፍ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲዞር፣ የሄሊኮፕተሩን አካል ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ይገፋዋል። ሲኮርስኪ ጅራቱ ላይ በጎን የሚዞር ትንሽ ክንፍ ገጥሞ ግፊቱን አመጣጠነው። ቪኤስ-300 የተባለው ሄሊኮፕተሩ ሴፕቴምበር 14 ቀን 1939 ለጥንቃቄ በገመድ እንደታሰረ ከመሬት ተነሳ። አብራሪው ራሱ ሲኮርስኪ ነበር፤ በሙከራዎቹ ፎቶግራፎች ላይ እንደ ቢሮ ሠራተኛ ባርኔጣውን ደፍቶ ይታያል።