ውጤቱ ሳይዘገይ

አጣዳፊ ፕሮማይሎሳይቲክ ሉኪሚያ ብዙ ጊዜ የማያጋጥም የደም ካንሰር ነው። ታማሚውን ቶሎ የሚቀጥፈው በሽታው የደም መርጋትን አዛብቶ የሚያመጣው መድማት፣ በተለይም ጭንቅላት ውስጥ የሚፈሰው ደም ነው። አሜሪካዊቷ ሐኪም ጃኔት ራውሊ እ.ኤ.አ. በ1977 በበሽታው የ15ኛውና የ17ኛው ክሮሞዞም ቁራጮች ቦታ እንደሚለዋወጡ አሳዩ። በ1980ዎቹ የሻንጋዩ ሐኪም ዋንግ ዠንዪና ባልደረቦቻቸው ከቫይታሚን ኤ ጋር በሚዛመደው አትራ በተባለ መድኃኒት ማከም ጀመሩ። ዛሬ አትራ ከአርሴኒክ ጋር ሲሰጥ፣ የነጭ ደም ሴላቸው ብዛት ካላሻቀበ ታማሚዎች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ይድናሉ። ሞት የሚበዛው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ስለዚህ የላቦራቶሪ ምርመራ የሚመዘነው በረቂቅነቱ ብቻ ሳይሆን፣ ሐኪሙ ሊጠቀምበት በሚችልበት ሰዓት በመድረሱም ነው እላለሁ።

ያን ሰዓት የሚያስጠብቀው ብዙ ጊዜ ተራው ማይክሮስኮፕ ነው። ጠብታ ደም ስላይድ ላይ በስሱ ተቀብቶ ቀለም ሲነከር፣ ወይን ጠጅ ፍሬዎች የታጨቁባቸው፣ አንዳንዶቹም በውስጣቸው እንደ ጭራሮ እስር የተደራረቡ ቀጫጭን ዘንጎች የያዙ ሴሎች ይታያሉ። ይህን ያየ ባለሙያ ሲናገር አትራ ወዲያው ይጀመራል፤ የዘረመል ውጤት አይጠበቅም። «ሳይረጋገጥ መድኃኒት እንዴት ይሰጣል?» የሚል ይኖራል። ጥርጣሬው ስህተት ሆኖ ቢገኝ ለጥቂት ቀናት የተሰጠ አትራ የሚያደርሰው ጉዳት አነስተኛ ነው፤ አንድ ቀን መዘግየት ግን ነፍስ ሊያስከፍል ይችላል። የዘረመል ምርመራው ግን አይቀርም፤ በአርሴኒክ የሚቀጥለው ረጅም ሕክምና የሚጸናው በእሱ ነው።

በፈንገስ ሕክምና ግን ሳይረጋገጥ መድኃኒት አይሰጥም የሚለው ተቃውሞ ይከብዳል፤ አምፎቴሪሲን የተባለው የፈንገስ መድኃኒት ኩላሊት ይጎዳልና። ክሪፕቶኮከስ በተባለው ፈንገስ ለሚመጣው ማጅራት ገትር መፍትሔው ፈጣን ምርመራ ሆኗል። ድሮ ከጀርባ የተቀዳ ፈሳሽ ከጥቁር ቀለም ጋር ተቀላቅሎ ይታይ ነበር፤ ፈንገሱ ጥቂት ሲሆን ግን ያመልጣል። አሁን አንቲጂን የሚለይ ስትሪፕ በ10 ደቂቃ ያህል ውጤት ይሰጣል። አንቲጂኑ ራስ ምታቱ ከመጀመሩ ከሳምንታት በፊት ደም ውስጥ ስለሚገኝም፣ የዓለም ጤና ድርጅት ሲዲ4 የተባሉት የመከላከያ ሴሎቻቸው ቁጥር ከ100 በታች የወረደ የኤች አይ ቪ ታማሚዎች እንዲመረመሩ ይመክራል። ኤች አይ ቪ ለረጅም ዘመን ለከበዳቸው እንደ ኢትዮጵያ ላሉ አገሮች ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሁለቱ መስኮች፣ የሉኪሚያና የፈንገስ ሕክምና፣ የሚገናኙት በኬሞቴራፒ መከላከያው በወደቀበት የሉኪሚያ ታማሚ አካል ላይ ነው፤ ምርመራም እዚህ ይፈተናል። የደም ካልቸር ካንዲዳ የተባለውን ፈንገስ በእሱ ከተጠቁት ታማሚዎች ግማሽ ያህሉ ላይ ብቻ ያገኛል፤ አስፐርጊለስ የተባለውን ሌላ ፈንገስ ደግሞ እምብዛም አያሳይም። አስፐርጊለስን የሚጠቁመው የጋላክቶማናን ምርመራ ደግሞ ሙኮር የተባለውን ፈንገስ አያይም። ነጌቲቭ ውጤት እንግዲህ ማረጋገጫ አይሆንም። ጉዳዩም የስም ብቻ አይደለም፤ ለአስፐርጊለስ ተመራጭ የሆነው መድኃኒት ቮሪኮናዞል ሙኮርን አይነካውም። የሚለያቸው ከተጎዳው ቦታ የተወሰደ ሥጋ ነው፦ የአስፐርጊለስ ክር ቀጭንና ክፍልፋይ ያለው፣ የሙኮር ሰፊና ክፍልፋይ የሌለው ወይም ጥቂት ያለው ሆኖ ይታያል።

የወባና የቲቢ ሸክም ባለበት አገር ለብርቅ በሽታ በጀት መመደብ ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። የወባን ስላይድ የሚያነበው ባለሙያ ግን የሉኪሚያውንም ስላይድ በዚያው ማይክሮስኮፕ ያያል። የሚጎድለው እንዲህ ያለ ሴል ሲያጋጥም የሚያውቅ የሠለጠነ ዓይን፣ እንዲሁም ውጤቱን ወረቀት ላይ ጽፎ ከመተው ይልቅ በዚያው ሰዓት ለሐኪሙ እንዲደውል የሚያስገድድ የሥራ መመሪያ ነው።