አምስት ቀንሶ አሥር መጨመር

ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለውን ጨዋታ ሳትሰሙ አትቀሩም። ጠረጴዛ ከብበው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ታሪኩን ይመራል፣ ሌላው ሁሉ የየራሱን ገጸ ባሕርይ ሆኖ ይጫወታል። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን አሜሪካ ውስጥ ያሳተሙት በ1974 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ ላወራችሁ የጓጓሁት ግን ስለ ድራጎኖቹ ሳይሆን፣ ጨዋታው ሳይጀመር በፊት ወረቀትና እርሳስ ይዘው ገጸ ባሕርያቸውን ስለሚያሰሉት ሰዎች ነው። ኦፕቲማይዘር ይሏቸዋል።

ሥራው የሚጀምረው ከስድስት ቁጥሮች ነው፦ ጥንካሬ፣ ቅልጥፍና፣ ጽናት፣ እውቀት፣ ማስተዋልና ግርማ ሞገስ። በአምስተኛው እትም ሁሉም ከ8 ይነሳሉ፤ እናንተ 27 ነጥብ ይሰጣችኋል፣ 27 ብር ይዞ ገበያ እንደ መውጣት ነው። እስከ 13 ድረስ እያንዳንዱ ጭማሪ አንድ ነጥብ ያስከፍላል፣ ከዚያ በኋላ ግን ይወደዳል፤ 15 ለማድረስ 9 ነጥብ ይወጣል። ሦስቱን 15 አድርጎ ሦስቱን 8 ላይ የተወ ሰው ገንዘቡን ልክ ጨረሰ። ደግሞ ዳይስ ላይ የሚጨመረው ጥቅም የሚያድገው በተጋማሽ ቁጥር ብቻ ነው፤ 14ም 15ም የሚሰጡት 2 ነው። ታዲያ 15 የሚገዛ ሰው ሞኝ ነው? አይደለም። በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ የገጸ ባሕርዩ ዘር የሚሰጠው ጭማሪ 16 እንደሚያደርስለትና ጥቅሙ 3 እንደሚሆን አስቀድሞ አይቷል።

አሁን ወደምወደው ክፍል እንግባ። ጥንካሬው 16 የሆነ ጀማሪ ተዋጊ አለ እንበል። ሲሰነዝር በጥንካሬው ጥቅም ላይ የሥልጠናው ተደምሮ ባለ 20 ገጹ ዳይስ ላይ 5 ይጨምራል። ትልቁ ሰይፉ በአማካይ 10 ጉዳት ያደርሳል። የጠላቱ መከላከያ 15 ከሆነ ዳይሱ ላይ 10ና ከዚያ በላይ ይበቃዋል፤ ይህ 55 በመቶ ነው። ስለዚህ አንድ ስንዘራው በአማካይ 5.5 ጉዳት ያወጣል ማለት ነው።

በ2014ቱ መጽሐፍ ውስጥ ግሬት ዌፐን ማስተር የሚባል ችሎታ አለ። ስትሰነዝር 5 ቀንስ፣ ከመታህ 10 ጉዳት ጨምር ይላል። በመጀመሪያ ሲያዩት የቁማርተኛ ውል ይመስላል። ግን አስሉት፦ የመምታት ዕድሉ ወደ 30 በመቶ ወረደ፣ ጉዳቱ ወደ 20 ወጣ፣ አማካዩ 6 ሆነ። በትንሹም ቢሆን በልጧል! ጠላቱ ብረት የለበሰና መከላከያው 18 ቢሆን ግን 4 የነበረው ወደ 3 ይወርዳል። ስለዚህ ይህን ችሎታ የያዘ ሰው ከመሰንዘሩ በፊት የጠላቱን ልብስ ማየት አለበት። (ዳይሱ 20 ሲወጣ የሚገኘውን ተጨማሪ ጉዳት ትቼዋለሁ፤ ለሁለቱም እኩል ስለሚደመር ፍርዱን አይቀይረውም።)

ይኼው ተዋጊ ባርባሪያን የሚባለው ዓይነት ቢሆንስ? ባርባሪያን ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ራሱን ሳይጠብቅ መሰንዘር ይችላል፤ ዳይሱን ሁለቴ ጥሎ የተሻለውን ይይዛል። 30 በመቶው 51 ይሆናል፣ አማካዩም 10.2። ሳይቀንስ ቢሰነዝር 8 ገደማ ነበር። ዋጋውን ደግሞ የሚከፍለው ጠላቶቹም እሱን ሲመቱ ሁለቴ ስለሚጥሉ ነው። ኦፕቲማይዘሮችን እንቅልፍ የሚነሳቸው እንዲህ ያለው ነገር ነው፤ አንዱ ብቻውን ሲታይ መካከለኛ፣ ሌላውም መካከለኛ፣ ሲገናኙ ግን እሳት። ውሉ በጣም ስለተበዘበዘ ይመስለኛል፣ በ2024ቱ ማሻሻያ ችሎታው ቢቀጥልም አምስት የመቀነሱና አሥር የመጨመሩ ነገር ተሰረዘ።

የሕጉ ቀዳዳ ምን ያህል እንደሚሰፋ ማየት ከፈለጋችሁ ፐን ፐንን ጠይቁ። በሦስት ነጥብ አምስት እትም ዘመን በወረቀት ላይ የተፈጠረ ኮቦልድ ነው፤ ኮቦልድ ማለት ከደካሞቹ ፍጡሮች አንዱ ነው። ከተለያዩ መጻሕፍት የተለቃቀሙ ሕጎች ተገጣጥመው ገና በዝቅተኛ ደረጃው ገደብ የለሽ ኃይል ሰጥተውታል። ማንም እንዲጫወትበት አልተሠራም፤ የእንቆቅልሽ መልስ ነው።

ጥፋቱ ሁልጊዜ የተጫዋቹ አይደለም። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣውን ሦስተኛ እትም ካዘጋጁት አንዱ ሞንቲ ኩክ፣ ሕጉን ጠንቅቆ ያወቀ እንዲጠቀም ሲባል አንዳንድ ምርጫዎች ከሌሎች እንዲያንሱ ሆን ተብሎ እንደተተዉ ኋላ ላይ ጽፏል። ምሳሌው ተፍነስ የሚባለው ችሎታ ነው፤ የሚሰጠው ሦስት የሕይወት ነጥብ ብቻ ነው። ለአንድ ምሽት ብቻ ለሚሠራ ደካማ ጠንቋይ ይጠቅማል፣ ለዓመት ለሚጫወት ግን የባከነ ምርጫ ነው። መጽሐፉ ይህን አይነግራችሁም።

ቁጥር የሚወድ ሰው ገጸ ባሕርዩን መኖር አይችልም የሚለውን ወቀሳ እኔ አልቀበለውም። ደንበኛ ሒሳብ ሠርቶ ጠረጴዛውን የሚያስለቅስ ተጫዋች አለ፣ ሁለቱንም የማይችል ደግሞ ሞልቷል። እውነተኛው ችግር ልዩነት ነው፤ አንዱ በአንድ ዙር ጠላቱን ሲጨርስ አጠገቡ ያለው ተራው እስኪደርስ ስልኩን የሚነካካበት ጨዋታ ይበላሻል።

ለዚህ ነው እኔ ክለሪክ የምትባለውን ድግምተኛ ሒሳብ የማደንቀው። ብለስ የሚባለው የመጀመሪያ ደረጃ ድግምቷ እስከ ሦስት ለሚደርሱ ጓደኞቿ በየስንዘራቸው ባለ 4 ገጽ ዳይስ ይጨምርላቸዋል፣ በአማካይ 2.5። የዚያ የመጀመሪያው ተዋጊያችን 30 በመቶ ወደ 42.5 ይወጣል፣ 6 የነበረው ጉዳቱም 8.5 ይሆናል። እሷ በዚያ ዙር ማንንም አልመታችም፤ ሦስት ሰው ግን ተራው ሲደርስ ዳይሱን በጉጉት ያነሳል።