ስለ ጣራ ቆርቆሮና ስለ ኤሌክትሪክ ሥራ

ከዳባትና ከደባርቅ አንሥቶ እስከ ሳንቃ በር ድረስ ባለው ደጋ፥ በክረምት ዝናሙና ጉሙ ስለሚፈራረቁ ጣራ ሳይደርቅ ይሰነብታል። ማረሻ በጥቂት ሌሊት ጤዛ ሲዝግ፥ ቆርቆሮም ብረት ሆኖ ሳለ ስለ ምን ብዙ ዓመት ይቈያል? ብሎ ሽማግሌ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። መልሱ ከኤሌክትሪክ ትምህርት ይገኛል።

የብረታ ብረት ዓይነቶች ሁሉ ባሕርያቸው አንድ አይደለም። ዚንክ ከብረት ይልቅ፥ ብረትም ከመዳብ ይልቅ ለመሟሟት ይፈጥናል። ሁለቱ በእርጥበት ውስጥ ሲነካኩ ፈጣኑ ይሟሟል፤ ሲሟሟም ኤሌክትሮን የተባሉትን እጅግ ደቃቅ የኤሌክትሪክ ቅንጣቶች ለጎረቤቱ ይለቃል፤ ጎረቤቱም ሳይበላ ይቈያል።

የጣራ ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ ስስ ብረት ነው። ዚንኩ እንደ ቀለም ሸፍኖ ብቻ አይጠብቀውም። ቆርቆሮው በጠባቡ ቢጫር እንኳ በዙሪያው ያለው ዚንክ ስለ ብረቱ ይበላል። መዳብ ሲነካው ግን ዚንኩ ስለ መዳቡም ይበላልና ቶሎ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ብረቱ በተራው ዝጎ ይበሳል። ስለዚህ የፀሐይ መብራት ያስገባ ትምህርት ቤት፥ ልባሱ የተላጠ የመዳብ ሽቦ በጣራው ላይ እንዳይተኛ መጠንቀቅ አለበት። ሚስማሩም ዚንክ የተለበጠ ይሁን፤ ለጥቂት ብር ብሎ ጥቁር ሚስማር መምታት ከንቱ ቁጠባ ነው።

ይኸው መበላት በብልሃት ሲያዝ ለሰው ያገለግላል። የርካሹ ባትሪ ድንጋይ ቅርፊት ዚንክ፥ የመካከሉ ዘንግ ከሰል ነው። ዚንኩ ሲሟሟ የሚለቀው ኤሌክትሪክ በአምፖሉ በኩል ያልፋል። አሮጌው ድንጋይ የሚያፈሰው ቅርፊቱ ስለ ተበላ ነውና ሕፃናት በአፋቸው አይንኩት። ኢጣሊያዊው አሌሳንድሮ ቮልታ እንዲህ ያለውን የኤሌክትሪክ ምንጭ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1800 ዓ.ም. አስታወቀ። በዚያው ዓመት ኒኮልሰንና ካርላይል የተባሉ እንግሊዞች ኤሌክትሪኩን ወደ ውሃ ቢያገቡት ውሃው ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን ወደ ተባሉ ሁለት አየሮች ተለየ። ይህ ሥራ ኤሌክትሮሊሲስ ይባላል።

አስተማሪው ይህን በክፍል ሊያሳይ ይችላል። ሦስት የባትሪ ድንጋይ በተርታ ቢያያዝ 4.5 ቮልት ይገኛል፤ በአንዱ 1.5 ቮልት ብቻ ግን አረፋው አይታይም ማለት ይቻላል። ሁለት እርሳሶች በሁለቱም ጫፍ ይቀረጹ፤ በላይኛው ጫፍ ሽቦ ይታሰር፤ ታችኛው ሳይነካካ በተጣራ የአመድ ውሃ ውስጥ ይግባ። አመዱ ያስፈለገው ንጹሕ ውሃ ኤሌክትሪክን በደንብ ስለማያሳልፍ ነው። ከድንጋዩ ጠፍጣፋ ሥር ጋር በተያያዘው እርሳስ ሃይድሮጅን ይወጣል፤ አረፋውም ከሌላው እጥፍ ያህል ይበዛል።

በአመድ ፈንታ ጨው አይጨመር፤ ክሎሪን የሚባል መርዘኛ አየር ይወጣልና። የአመድ ውሃም ዓይን ያቃጥላል። ከመብራት ኃይል መስመር የሚመጣው ኤሌክትሪክ ግን ሰው ይገድላልና ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይወሰድ።